ዘውግ ምረጡ ያሉን ሰውዬ

ሰሞኑን እዚሁ ጎንደር በአንድ የመጽሐፍ ውይይት ላይ ነበርኩ። አንድ አንጋፋ ተናጋሪ በራሳቸው ገንዘብ የሚያሳትሙ ወጣት ደራስያንን፣ አንድ ዘውግ፣ ማለትም አንድ የጽሑፍ ዓይነት ምረጡ እያሉ ሲወርፉ ዋሉ። «ዛሬ ፍቅር፣ ነገ ወንጀል፣ ከነገ ወዲያ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ደራሲ ሳይሆን ገበያ አሳዳጅ ነው» አሉ። «አሳታሚ ያልመረጠው» የምትል ነገርም ጣል አደረጉ። ተጨበጨበላቸው። አንዲት ልጅ ተነስታ «ጋሼ፣ እኔ የልጆች ተረትም የወንጀል ታሪክም እጽፋለሁ፤ የቱን ልተወው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «የማይሸጠውን!»

ታዲያ ገበያ አሳዳጁ ማን ሆነ?

ደግሞስ የቱ ገበያ? የወረቀት ዋጋ የት እንደደረሰ ያሳተመ ያውቀዋል። ደራሲው ከደመወዙ ይቆጥባል፤ ካልሞላለት ከዘመድ ይበደራል። ማተሚያ ቤቱ ቀብድ ይላል። አከፋፋዩ ድርሻውን ይቆርጣል፣ ቀሪውን ሲመቸው ይሰጣል። መጽሐፉ ፒያሳ ያለው አዟሪ እጅ ሳይገባ ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ይዞራል። መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ የከረምንበት አገር መሆኑንም አይርሱት። ገንዘብ የፈለገ ሰው ባጃጅ ይገዛል እንጂ ልብ ወለድ አይጽፍም።

የሚያስጽፈው ሌላ ነው። እዚህ ከተማ ላደገ ሰው ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ ፋሲል ግቢ ይበቃዋል። ንጉሡ አድያም ሰገድ ኢያሱ የሚወዳት ቁባቱ ሞተችበት። ኀዘኑ ጠንቶበት ቤተ መንግሥቱን ትቶ ጣና ደሴት ገባ። እስከዚህ ድረስ የፍቅር ታሪክ ነው። እሱ እዚያ እያለ መለኮታዊት የምትባለዋ የልጁ እናት ልጇን ተክለ ሃይማኖትን ዙፋን ላይ አወጣች። ሤራ ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1706 ኢያሱ ተገደለ። ወንጀል! ልጁም «ርጉም» የሚል ስም አተረፈ፤ ሁለት ዓመት ገደማ ነግሦ እሱም ተገደለ። ቀጥሎ የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ ነገሠና የወንድሙን ደም ሊመልስ ተነሳ። መለኮታዊትን አሰቀላት። እሺ ጋሼ፣ ይሄን የትኛው መደርደሪያ ላይ እናስቀምጠው? እኔ ብጽፈው ከመለኮታዊት እጀምራለሁ። ልጇን ለማንገሥ ያን ሁሉ የደፈረች ሴት ገመዱ አንገቷ ላይ ሲገባ ስለ ልጇ ምን አሰበች? ዜና መዋዕል ይሄን ሊነግረኝ አይችልም። ደራሲን እንቅልፍ የሚነሳው ይሄ ነው። እንቅልፍ የነሳውን ሐሳብ «የታሪክ ነህ ወይስ የወንጀል?» ብሎ መታወቂያ የሚጠይቀው የለም።

በዚያ ላይ በካፋ አለ፣ ተራ ሰው መስሎ በየመንደሩ እየዞረ ሕዝቡ የሚያማውን የሚሰልል ንጉሥ። እንዲህ ሲዞር ታሞ ያስታመመችው ምንትዋብ ናት ይባላል። ስለላና ፍቅር በአንድ አልጋ! ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እዚህ መጥቶ ያየውን ሲያወራ የለንደን ሰዎች ቀጣፊ አሉት። እውነታችን ራሱ ለሰው ልብ ወለድ ይመስላል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይግቡ። ጣሪያው ላይ መላእክት፣ ግድግዳው ላይ በእሳት የተከበበ ዲያብሎስ። «አንዱን ምረጥ» ያለው ሰው አልነበረም መሰለኝ። አዝማሪ ቤት ቢያመሹም ያው ነው። አንዱ አዝማሪ ለአንዱ ገበታ ያሞግሳል፣ ለሌላው ይሰድባል፣ መሀል ላይ ስለ ሞተ ወዳጁ አንጎራጉሮ ቤቱን ያስለቅሳል። ሽልማቱን ግንባሩ ላይ የሚለጥፍለት ሰው ዘውጉን ሲጠይቀው አላየሁም።

«አሳታሚ ያልመረጠው» ለምትለዋም መልስ አለኝ። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው ኩራዝ አሳታሚ ነው። ተመርጦ ነበር ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ በደርግ መንግሥት ከየመደብሩ ተለቀመ፤ ደራሲውም የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። ያ መመረጥ ምን አተረፈለት? አሳታሚ በዚያን ቀን የሚፈራውንና የማይፈራውን ነው የሚነግረን፤ ስለ ጽሑፉ የሚለው ነገር የለም። መቼም «ኦሮማይ» ራሱ ጦርነትም፣ ስለላም፣ ፍቅርም ነው። በጋሼ ሚዛን በዓሉም ገበያ አሳዳጅ ሊባል ነው!

አዎ፣ በግል ከሚታተሙት ውስጥ አርታኢ ያልነካቸው፣ በፊደል ግድፈት የታጨቁ አሉ። ለእሱ መድኃኒቱ አርታኢ ነው። ጋሼ በእርግጥ ለሥነ ጽሑፉ ከተቆረቆሩ የዚያችን ልጅ ረቂቅ ተቀብለው ያንብቡላት፤ ተረቱንም፣ ወንጀሉንም። ለዚህ ማይክሮፎን አያስፈልግም፣ ቀይ እስክሪብቶ ይበቃል።