የ30 ቀን ባክአፕ በሁለት ጥቅስ ምልክት ሲጠፋ

ይህን የምጽፈው ሆዴ እንዳረረ ነው። ነገሩ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ንዴቱ ግን አልበርድ አለኝ።

ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። አንድ መጋዘን ውስጥ ኮምፒውተሮቹንና ሰርቨሩን የማየው እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት ፒያሳ ታክሲ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት። «ወንድሜ፣ ሲስተሙ አልከፍት አለ። የስቶኩ መረጃ የለም» አለችኝ። «አብሽሪ፣ ባክአፕ አለን» አልኳት። ከልቤ ነው ያልኳት። በየሌሊቱ የሚሠራ የተርሚናል ፕሮግራም (በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ የሚሠራ) አለን። የ30 ቀን ቅጂ ይይዛል፣ ከዚያ በላይ የቆየውን ይሰርዛል። ሐረጎን በጉም ስንወርድ የማስበው የትኛውን ቀን ልመልስ እያልኩ ነበር።

ደርሼ ፎልደሩን ስከፍት ባዶ ነው። አንድ ፋይል የለም። ሎጉን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል አየሁ፤ በየሌሊቱ «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ይላል። ፕሮግራሙ ሲጨርስ የሚመልሰው ቁጥርም 0 ነው። 0 ማለት ሰላም ነው ማለት ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በዚያው ሰሞን አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የፎልደሩን አድራሻ ሊቀይር ኮንፊግ ፋይሉን (የፕሮግራሙ ቅንብር የሚጻፍበትን) ከፍቶ ነበር። እግረ መንገዱን የቀኑን ቁጥር ጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገባው። 30 የነበረው «30» ሆነ። ፕሮግራሙ ጥቅሱንም አብሮ አነበበ። በጥቅስ የሚጀምር ነገር ቁጥር አይደለም። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዝም ብሎ 0 አለው። ከ0 ቀን በላይ የቆየውን ሁሉ ሰርዝ! የዚያኑ ሌሊት ቅጂ ሳይቀር ጠራርጎ አወጣው።

ኮዱ ክፍት ስለሆነ ገብቼ አየሁት። ቁጥሩን የሚያነበው አቶይ በምትባለው የሲ ቋንቋ አሮጌ ፈንክሽን ነው። አቶይ ቁጥር ያልሆነ ነገር ሲሰጧት 0 ትመልሳለች። ሰውየው እውነት 0 ጽፎ ይሁን ወይስ የማይነበብ ነገር፣ ፕሮግራሙ የሚለይበት መንገድ የለውም። ስትርቶል የምትባለዋ ሌላ የሲ ፈንክሽን ግን የት ድረስ እንዳነበበች ትናገራለች። ያንን ማየት የሁለት መስመር ሥራ ነው። ኧረ ሁለት መስመር!

ልጁን የወቀሱት አሉ። እኔ አልወቅሰውም። ጄሰን በሚባለው የመረጃ ፋይል ላይ ጽሑፍ ያለ ጥቅስ አይሄድም። ሼል ስክሪፕት (ተርሚናል የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) ላይ 30ን በጥቅስ ብታደርገው ምንም አይልህም። በየፋይሉ ሕጉ ይለያያል። ሰው ይሳሳታል፤ ኮንፊግ የሚጽፈው ደግሞ ሰው ነው። ይሄን የማያውቅ ፕሮግራም ሠሪ አለ ብዬ አላምንም።

ከዝምታው ቀጥሎ የሚያናድደኝ «የተሳሳተ ቫልዩ» (የተሳሳተ ዋጋ ተጽፏል) ብቻ ብሎ የሚያቆመው ፕሮግራም ነው። የቱ? የት? አንድ ፕሮግራም ኮንፊጉን የሲስተሙ ቅንብር ከሚቀመጥበት ከኢቲሲ ፎልደር ያነባል፣ ከተጠቃሚው ሆም ፎልደር ያነባል፣ ከኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ሲስተሙ ለፕሮግራሞች ከሚያስተላልፈው ቅንብር) ይወስዳል፣ ከትእዛዙ መስመር ላይም ይቀበላል። አራት ቦታ ነው። እኔ አራቱንም ልፈትሽ? እሱ እኮ ከየት እንዳነበበው ያውቃል! የኮድ ለውጥ የሚመዘግበውን ጊትን ተመልከቱ። ቁጥር በሚፈልግበት ቦታ ሌላ ነገር ካገኘ የቅንብሩን ስም፣ የጻፍከውን ነገርና ፋይሉን ጠርቶ ይቆማል። ኢንጂንኤክስ (የድረ ገጽ ሰርቨር) እና ኤስኤስኤችዲ (ከርቀት ወደ ሰርቨር መግቢያው) ሥራ ሳይጀምሩ ኮንፊጉን ብቻ የሚፈትሹበት ትእዛዝ አላቸው። ቪሱዶ ደግሞ የሱዶ ፋይል (ማን የአስተዳዳሪ ሥልጣን እንዳለው የሚወስነው) ላይ ስህተት ካየ አሁን ምን ላድርግ ብሎ ይጠይቅሃል፤ ዝም ብሎ ቢያስቀምጠው ከራስህ ሰርቨር ተቆልፈህ ልትቀር ትችላለህና። እነዚህን የሠሯቸው ሰዎች ስለ ተጠቃሚው አስበዋል።

«ፕሮግራም ቻይ መሆን አለበት፣ ካልገባው በዲፎልቱ፣ አስቀድሞ በተሰጠው ቅንብር ይሂድ» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። የጽሑፍ ቀለም ከሆነ ይሁን፣ አስጠንቅቆ ይቀጥል። የመረጃ ቋቱ ፕሮግራም ፖስትግሬስም ሥራ ላይ እያለ ኮንፊጉ እንደገና ሲጫን የተበላሸ ቫልዩ ካገኘ በነበረው ይቀጥልና ሎግ ላይ ይጽፋል። ሲነሳ ካገኘው ግን አልነሳም ይላል። መሰረዝ ያለበት ነገር ላይ ግን ግምት ምን ይሠራል? ከማጥፋትህ በፊት ቁም። «ይህ ፋይል፣ ይህ መስመር፣ ይህን ጽፈሃል፣ እኔ የምጠብቀው ከ1 ጀምሮ ያለ ቁጥር ነው» በለኝ። ከዚያ ከ0 ሌላ ቁጥር መልሰህ ውጣ፣ ስክሪፕቴ እንዲያውቅ። ቢኤስዲ ዩኒክስ በሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ለኮንፊግ ስህተት ተለይቶ የተቀመጠ ቁጥር ሁሉ አለ፤ 78።

መረጃውን ከወረቀት ደረሰኝ ነው የመለስነው። ሦስት ሰው ሆነን ሙሉ ሳምንት፣ እሑድን ጨምሮ ስንጽፍ ከረምን። የሒሳብ ሠራተኛዋ ትንሽ ልጇን ይዛ ትመጣ ነበር። ልጅቷ ካርቶን ላይ ስትተኛ ሳይ «አብሽሪ» ያልኩት ቃል ያንገበግበኛል።

ጥቅሱን አጥፍቻለሁ። ባክአፑ ከመነሳቱ በፊት ቁጥሩን የሚፈትሽ ስክሪፕትም ጽፌ አስገባሁ። ለፕሮግራሙ ሠሪዎችም ማስተካከያውን ጽፌ ላክሁላቸው። እስከ ዛሬ ማታ መልስ የለም።