እርማት፦ መሪነት በደም ብቻ አይደለም

ወንድሜ፣ «መሪ ይወለዳል እንጂ አይሠለጥንም፤ ካሳን ማን አሠለጠነው?» ብለሃል። እዚህ ላይ ላርምህ። ካሳ ኃይሉ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ በልጅነቱ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም ተምሯል። ከዚያም ደምቢያን በሚገዛው ዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ሥር ሆኖ ውጊያውንም አስተዳደሩንም እያየ አደገ። በዛሬ አነጋገር አፓረንት ወጥቷል ማለት ነው።

ተፈጥሮ ምንም ድርሻ የለውም አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የአሜሪካ መንትዮች ጥናት፣ ማን ኃላፊነት ቦታ ላይ እንደሚደርስ ከሚታየው ልዩነት 30 በመቶ ገደማው ከወላጅ ከሚወረስ ተፈጥሮ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ከአካባቢና ከልምድ የሚመጣው ቀሪው ሰፊ ነው፤ ስለዚህ መሪነትን መማር ይቻላል።

ፒያሳ ሆቴል ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነህ እንበል። ራስህን ለመመዘን አለቃህን ብቻ አትጠይቅ፤ እሱ የሚያየው ሪፖርትህን ነው። አስተናጋጆቹንና ወጥ ቤቶቹን ጠይቅ። «ጥሩ መሪ ነኝ ወይ?» ካልካቸው ግን «አንተማ አንደኛ ነህ ጋሼ» ይሉሃል። ይሉኝታ አለቻ! ይልቅ «ቅዳሜ ሠርግ ሲበዛ ምን ባደርግ ሥራው ይቀላችሁ ነበር?» በላቸው። ስም ሳይጻፍ በወረቀት ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ከመልሱ አንዷን ያዝ፤ ለምሳሌ እንግዳ ፊት አለመቆጣትን። ከወር በኋላ እነሱኑ መልሰህ ጠይቅ።