የአክስቴ ኮድ የጎረቤት ስልክ ላይ ሲገባ

ከስቶክሆልም ድሬዳዋ በገባሁ በሦስተኛው ቀን አክስቴን ይዤ ፋይዳ ለሚባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ልትመዘገብ ሄድን። ባንክ ደብተርሽን ከፋይዳ ጋር አገናኚ ተብላ ነበር። ከገንደ ቆሬ በባጃጅ ስንወጣ ገና ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፣ ሙቀቱ ግን የቀትር ነው።

ድሬ አንቱታ አይወድም። መዝጋቢው ልጅ «እማ፣ ጣትሽን እስቲ ጫን አድርጊው» ይላታል፤ እሷም «ጫንኩልህ እኮ የኔ ልጅ» ትለዋለች። ማሽኑ አልይዝ አለ። አርባ ዓመት እንጀራ ስትጋግርና ልብስ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት፤ የጣቷ መስመር አልቋል። ልጁ ሳይሰለች እያንዳንዱን ጣት በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ እንደገና ሞከረ። የሆነውን ያህል ወሰደና ወደ ዓይኗ አለፈ። ዓይኗን ማሽኑ ወዲያው ያዘው። አሥር ጣት፣ የሁለት ዓይን ብሌንና የፊት ፎቶ አንድ ላይ መወሰዱ የሚጠቅመው እንደዚህ ላለው ሰው ነው። አንዱ ቢጎድል ሌላው ይሞላል።

ብሔርሽ ምንድን ነው አልተባለችም። የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያ መስመር ነበረ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው አንድ ግቢ ውስጥ በሚያድርበት ከተማ አድጌ ያ መስመር ምን ያህል ሲከብድ እንደኖረ ስለማውቅ፣ አለመጠየቋ ደስ አለኝ።

ወረቀት ለአክስቴ ቀልድ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሌሊት ሲመጣ ቤቷ የነበረው ሰነድ ሁሉ አብሮ ሄደ። ከሞት በመትረፏ ፈጣሪዋን አመሰገነች፣ ግን ማንነቷን መልሳ ያገኘችው ጎረቤቶቿ ቀበሌ ቀርበው «እናውቃታለን» ስላሉ ነው። ስዊድንም ይሄ አለ። ፓስፖርት ሊያወጣ ሄዶ መታወቂያ በእጁ የሌለው ሰው፣ ሕጋዊ መታወቂያ ያለው የቅርብ ዘመዱ አብሮት ቀርቦ «እሱ ነው» ብሎ ይፈርምለታል። ኮምፒውተሩ ጋ ከመደረሱ በፊት፣ ሰውን ሰው ያውቀዋል።

ነገሩ የተበላሸው መዝጋቢው «ስልክ ቁጥርሽስ?» ሲላት ነው። አክስቴ የጎረቤቷን ልጅ ቁጥር ተናገረች፤ የራሷ ስልክ የላትም። እኔ እንኳ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥሯ በአጭር መልእክት ሲላክ እዚያ ልጅ ስልክ ላይ ገባ። ልጁ እየሮጠ መጥቶ አሳየን፣ ደግ ልጅ ነው። ግን ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ ላይ «እውነት እሷ ናት?» ተብሎ የማረጋገጫ ኮድ ቢላክ፣ መልሱን የሚያገኘው እሱ ነው። ነገ ቁጥሩን ቢቀይር ወይም ስልኩ ቢጠፋስ?

እኔ የምኖርበት አገር ባንክ አይዲ የሚባል አለ። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ፣ የባንኮች ንብረት የሆነ ዲጂታል መታወቂያ ነው። ግብር ማሳወቅ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ገንዘብ መላክ፣ ሁሉም በእሱ ይከፈታል። ለማግኘት ግን የአገሩ የግል መለያ ቁጥርና የባንክ ደንበኝነት ይፈለጋል፤ እኔም በመጀመሪያዎቹ ወራት እሱ ስለሌለኝ በየደጁ ቆሜ ቀርቻለሁ። ኖሮህም ስጋቱ አይቀርም። አጭበርባሪዎች ለሽማግሌዎች እየደወሉ «ከባንክ ነው፣ ስልክዎ ላይ ያረጋግጡ» ይላሉ፤ ሽማግሌው ይነካል፣ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው ይሄዳል። መታወቂያው አልተሰረቀም። ባለቤቱ ራሱ ነው የከፈተው።

አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ አባል አገሮች እስከ 2026 መጨረሻ ለዜጎቻቸው ዲጂታል ዋሌት፣ ማለትም መታወቂያ ስልክ ላይ የሚያዝበት ቦርሳ፣ እንዲያቀርቡ ታዘዋል። እኔን የሳበኝ ሁለት ነገር አለ። ዕድሜህን ስትጠየቅ የልደት ቀንህንና ስምህን ሳታሳይ «ከ18 በላይ ነው» የሚለውን ብቻ መስጠት ትችላለህ። ሁለተኛው፣ መጠቀም በፈቃድ ነው፤ ዋሌት የለኝም ያለ ሰው አገልግሎት አይነፈግም። ድሬ ላይ ያየሁት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ለትንሹም ለትልቁም ጉዳይ ሙሉ የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ይጠየቃል፣ ኮፒው የት እንደሚገባ ማንም አያውቅም። አገራችን የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015ን አውጥታለች፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁም በ2016 ዓ.ም. ተከትሏል። ፎቶ ኮፒ የሚለምነው መስኮት ግን እስካሁን አልሰማም። ይሄ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ፋይዳ ቁጥሩን አረጋግጦ ወረቀቱን እንዲያስቀር ነው የተሠራው።

በማግስቱ ለአክስቴ ሲም አውጥተን፣ ቁልፍ ያለው ትንሽ ስልክ ገዝተን ተመለስን። ፋይዳ ላይ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር እንዲቀየርላት አመለከትንና ተቀመጥን። ኮድ ሲመጣ እንዴት እንደምታነብ አሳየኋት፣ ሦስቴ ደገመችው። ማንም ደውሎ ቢጠይቅሽ እንዳትሰጪ አልኳት።

«ለባንኩም?»

«ለባንኩም።»

«ላንተስ?»

«ለኔም።»

ትንሽ ዝም አለችና ስልኩን መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።