ያላየነው ሥራ ላይ አንፈርም

አንድ ልጅ ወደምሠራበት ሳይት ለኢንተርንሺፕ መጣ። የአራተኛ ዓመት የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። ትሁት ነው፣ ሰዓት ያከብራል፣ ውጤቱም ጥሩ ነው። በመጣበት ሳምንት የሁለተኛው ወለል አርማታ ሊሞላ ነበር። «እስኪ ስላምፕ ውሰድልኝ» አልኩት። ስላምፕ አርማታው ምን ያህል እንደረጠበ የሚለካበት ፈተና ነው።

አሠራሩን እንደ ዳዊት ደገመልኝ። አርማታው የሚሞላበት፣ ከላይም ከታችም ክፍት የሆነው ኮን ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ነው አለ። በሦስት ዙር ይሞላል፤ እያንዳንዱ ዙር በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይጠቀጠቃል። ከዚያ ኮኑ ቀጥ ብሎ ይነሳና አርማታው ምን ያህል እንደወረደ ይለካል። አንድም ስህተት የለውም። ኮኑን ስሰጠው ግን ገልብጦ አስቀመጠው። ሰፊው አፍ ወደ ላይ፣ ጠባቡ ወደ ታች።

አጠገቡ አካፋ ይዞ የቆመ የቀን ሠራተኛ ነበር። ምንም ሳይናገር ኮኑን አንስቶ አዞረለት። በግራና በቀኝ ያሉትን መርገጫዎች ረገጠና «እንዲህ ቁምበት፤ አለዚያ ከሥሩ ያመልጥሃል» አለው። የልጁ ፊት ቀላ። በኋላ ሻይ ስንጠጣ «እኛ እኮ በፕሮጀክተር ነው ያየነው» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር ከሆዴ አልወጣም። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ያስተማርነውን ሁሉ ይዟል። ፈተንነው፣ ኤ ሰጠነው፣ አሳለፍነው። ኮኑን ግን አንድ ቀን እንኳ አላስያዝነውም። በወረቀት ግን «የላብራቶሪ ልምምድ ወስዷል» ተብሎ ተፈርሞለታል። ማን ፈረመ? እኛ ነን የፈረምነው።

ነገሩ እንዲህ የሆነው በአንድ ቀን አይደለም። አምስት ኪሎ የምህንድስና ኮሌጅ የተከፈተው በ1945 ዓ.ም. ነው። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1955፣ የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ በ1979 ተከተሉ። ለብዙ ዓመታት ምህንድስና የሚማረው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ከዚያ በ2000 ዓ.ም. ገደማ 70/30 መጣ። ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር ተወሰነ። ዩኒቨርሲቲዎቹም በዙ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ሐሳቡን አልነቅፍም። አገር ያለ መሐንዲስ አይቆምም። ግን ሕንፃው ቶሎ ቆመ፣ ተማሪው ቶሎ ገባ፤ ላብራቶሪውና መምህሩ ኋላ ቀሩ። ሐምሌ ላይ የተመረቀ ልጅ መስከረም ላይ ረዳት ምሩቅ ሆኖ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመ። እሱም ሳይት አልረገጠም፣ እሱም ማሽን አልነካም። ከተማረበት ሃንድአውት ያንኑ መልሶ አስተማረ።

ይህ የመንግሥት ድርሻ ነው። ጥፋቱም ቀላል አይደለም። እኔ ዛሬ ልገሥጽ የመጣሁት ግን እኛን ነው፤ ምክንያቱም የቀረውን ያበላሸነው እኛው ነን።

የተቆለፈውን ላብራቶሪ ታውቁታላችሁ። አንድ ጊዜ በሥራ ምክንያት ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሄጄ እንዲህ ያለ ክፍል አየሁ። መሣሪያዎቹ ተደርድረዋል። አንዱ መጭመቂያ ማሽን ላይ ከፋብሪካ ሲመጣ የለበሰው ላስቲክ አልተነሳም። ላስቲኩ ላይ ያለው አቧራ ጣት ቢያስኬዱበት መስመር ያወጣል። ላብ ቴክኒሺያኑን «ለምን አይከፈትም?» አልኩት። በሐቅ መለሰልኝ። ማሽኑ በስሙ ወጪ ሆኗል። ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ወጪ ቅጽ ላይ ስሙና ፊርማው አለ። ተማሪ ቢሰብረው የሚጠየቀው እሱ ነው። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው፤ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ካልተነካ ግን ኦዲተር ሲመጣ ቆጥሮ ያስረክባል። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ደሞዙን እየጠበቀ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። በብዙ ገንዘብ የተገዛ ዕቃ ሳይሠራበት አርጅቶ ይወገዳል፤ ተማሪው ደግሞ ፎቶውን አይቶ ይመረቃል።

የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ይህን መፍታት የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ለትምህርት የተገዛ ዕቃ በትምህርት ላይ ቢሰበር ቴክኒሺያኑ እንደማይጠየቅ ጽፋችሁ ስጡት። እናንተ ፈርሙለት። ይህኛው የሚያስመሰግን ፊርማ ነው።

«በጀት የለም» የሚለውንም አውቀዋለሁ። ለትልልቁ ማሽን እውነት ነው። ግን የስላምፕ ኮን ማንኛውም ብየዳ ቤት በላሜራ ይሠራዋል። መጠቅጠቂያው ዘንግ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ክብ ብረት ነው፣ ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር። ግንባታ በማያቋርጥበት ግቢ ውስጥ ተቀምጠን አንድ ባሬላ አርማታ ለተማሪ ማቅረብ አቃተን? ይህን የሚያህል ነገር የሚከለክለን የበጀት እጥረት አይደለም። ግድ ስለሌለን ነው።

ተማሪዎች፣ ወደ እናንተ ልምጣ። ከግቢው በር ወጣ ብሎ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት ፋይናል ፕሮጀክት በፍላሽ እንደሚሸጥ ሁላችንም እናውቃለን። አሁን ደግሞ ቴሌግራም ላይ ነው። ሽፋኑ ይቀየራል፣ ስሙ ይቀየራል፣ ዓመተ ምሕረቱ ይቀየራል። አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ወረቀት እጄ ገባ። የባለ አምስት ፎቅ ዲዛይን ነው። ሽፋኑ ላይ ሕንፃው ሐዋሳ ነው የሚሠራው ይላል። ውስጡ ግን 40ኛው ገጽ ላይ ባሕር ዳር ሆኖ ተገኘ። የመሬት መንቀጥቀጥ ስሌቱም የባሕር ዳር ነው።

ሐዋሳ እኮ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። ከባሕር ዳር ይልቅ መንቀጥቀጥ የሚያሰጋት ከተማ ናት። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶን ነበር። ሌሊት አምፖሉ ሲወዛወዝ፣ ልጆቻችንን አቅፈን ደረጃ ስንወርድ ምን እያልን ነበር? «ይህን ፎቅ የሠራው ሰው ብረቱን በትክክል አስልቶት ይሆን?» እያልን ነበር። ያን ሌሊት ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ብርድ ልብስ ለብሰን ቆመን እግዚአብሔርን ስንለምን፣ ልመናችን ውስጥ የማናውቀው መሐንዲስም ነበረበት። ፍላሽ የምትገዛው ወንድሜ፣ ነገ ያ የማይታወቅ መሐንዲስ አንተ ነህ።

ኩረጃው ዩኒቨርሲቲ አይጀምርም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ተወስደው፣ እዚያው እያደሩ ተፈተኑ። ኩረጃው ሲዘጋ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያን ሰሞን ብዙ ሰው ፈተናውን ረገመ። እኔ ግን ትዝ ያለኝ የአርማታ ኩብ ነው። ለምርመራ የሚላከው ኩብ በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በ7 እና በ28 ቀኑ ይጨመቃል። አንዳንድ ተቋራጭ ለኩቡ ብቻ ለይቶ ሲሚንቶ ያበዛለታል። ኩቡ ያልፋል። ኮለኑ፣ ማለትም ምሰሶው ውስጥ ያለው አርማታ ሌላ ነው። እኛም ልጆቻችንን እንደዚያ ኩብ ነው ያሳደግናቸው፣ ለምርመራው ብቻ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጥቷል። ጥሩ ነው። ግን እሱም ኮምፒውተር ላይ የሚመለስ የምርጫ ጥያቄ ነው። ኮኑን ገልብጦ የሚይዝ ልጅ እሱን ሊያልፍ ይችላል።

ወላጆች ደግሞ አላችሁ። «ልጄ ኢንጂነር ሊሆን ነው» ስትሉ ፊታችሁ ይበራል። ደስታችሁ ደስታዬ ነው። ግን ልጁ ሳይት ውሎ እጁ በሲሚንቶ ተላልጦ፣ ጫማው ጭቃ ሆኖ ሲመጣ «ለዚህ ነው እንዴ ያስተማርንህ?» የምትሉትም እናንተ ናችሁ። ማዕረጉን ፈለግን፣ ሥራውን ናቅን። ይህ በሽታ ቆይቷል። ብረት የሚሠራውን ቀጥቃጭ፣ ሸክላ የምትሠራውን ቡዳ እያልን የኖርን ሕዝብ ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ እኛ ግን ዛሬም ልጃችን መፍቻ ሲይዝ እናፍራለን። ተግባረ እድ የሚባለው ትምህርት ቤት ስሙ በግዕዝ «የእጅ ሥራ» ማለት ነው። የቀድሞ ሰዎች ይህን ስም ትምህርት ቤት በር ላይ ሲጽፉ አላፈሩበትም።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ አሁን ተራው የእኛ ነው። ኢንተርን ሲመጣ ምን እናደርገዋለን? ፎቶ ኮፒ እናስነሳዋለን። ክፍያ ሰነድ እናስደምረዋለን። ወይም «አንተ ከፎርማኑ ጋር ሁን» ብለን እንረሳዋለን። አራት ወር ያልቃል። ከዩኒቨርሲቲው የመጣውን የግምገማ ቅጽ ያቀርብልናል፤ ሁሉንም «እጅግ በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አድርገን ማኅተም እንመታለን። መምህሩም ከመጣ አንድ ቀን ነው የሚመጣው፤ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። ከዚያ ልጁ ተመርቆ ሲመጣ «የዘንድሮ ምሩቆች ምንም አያውቁም» እንላለን። የዘንድሮዎቹን ምሩቆች እኮ እኛ ነን ፈርመን ያሳለፍናቸው።

እኔም ፈርሜያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ዘመዳችን ልጅ ለኢንተርንሺፕ ተመድቦልኝ ነበር። ሁለት ቀን መጣ። ከዚያ ጠፋ። በአራተኛው ወር መጨረሻ እናቱ ደወለች። «ልጁ ሌላ ሥራ ይዞ ነው፣ እባክህ አታስቸግረው፣ እኔ ነኝ የምለምንህ» አለችኝ። ታላቄ ናት፣ በልጅነቴ አዝላኛለች። ፈረምኩ። ያላየሁትን የ16 ሳምንት ሥራ እንዳየሁ አድርጌ ፈረምኩ። ልጁ ዛሬ ተመርቆ የሕንፃ ሥራ ይቆጣጠራል። ስንገናኝ «ጋሼ» እያለ ያመሰግነኛል። ዓይኑን ማየት ይከብደኛል። እሱ የሚቆጣጠረው ሳይት አጠገብ ሳልፍ፣ ሚክሰሩ ላይ ያለው ሠራተኛ ሥራ እንዲቀለው ውሃ ሲጨምር ያየው ይሆን እላለሁ። ውሃ የበዛበት አርማታ ሲፈስስ ደስ ይላል፣ ሲደርቅ ይደክማል። ይህን በዓይን የሚለይ ሰው በኮን ደጋግሞ የለካ ሰው ነው። እኔ ያንን ዕድል ነው በፊርማዬ የነጠቅሁት። ውለታ የዋልኩለት መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት ይህቺን እስክሪብቶ እናስተካክል። መምህር ሆይ፣ ላብራቶሪ ያልገባ ተማሪ የላብራቶሪ ማርክ አይሰጠው። አማካሪ ሆይ፣ ፋይናል ፕሮጀክቱን ይዞ ሲመጣ አንድ ገጽ ግለጥና «ይህን ኮለን እዚሁ አስላልኝ» በለው፤ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይከብዳሉ። የሚወድቅ ይበዛል፣ የሚያለቅስ ይበዛል፣ ስልክ የሚደውል ዘመድ ይበዛል። እንቻለው።

ድርጅት ያላችሁ ሰዎች፣ ኢንተርኑን ለአንድ ሰው በስም አስረክቡት። በመጀመሪያው ሳምንት ከፌሮ ሠራተኛው ጋር ብረት ይሰር። በሁለተኛው ከቀያሹ ጋር የከፍታ መለኪያውን ሌቭል ተክሎ ያንብብ። አርማታ በሚሞላበት ቀን ኮኑን እሱ ይያዝ፤ ቢሳሳት ያ የቀን ሠራተኛ ያርመዋል። ኢንተርኖችም፣ ያ ሰው ሲያርማችሁ «አመሰግናለሁ ጋሼ» በሉት። እኔ ጋ የመጣው ልጅ እንዲህ ነው ያደረገው። በሦስተኛው ወር የመጣን አንድ መኪና አርማታ ለክቶ «ውሃው በዝቷል፣ አልቀበልም» ብሎ መለሰው። ሾፌሩ ጮኸበት፣ ፎርማኑም አጉረመረመ፤ ልጁ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

የዘንድሮዎቹም ደብዳቤያቸውን ይዘው መምጣታቸው አይቀርም። በር ላይ አታስቁሟቸው። ሄልሜት ስጧቸው፣ ጠዋት ስም ጥሩ፣ የዋሉበትን በየቀኑ አጽፏቸው። ከመካከላቸው ጠፍቶ ከርሞ በመጨረሻው ሳምንት የግምገማ ቅጹን ይዞ ብቅ የሚል ካለ ደግሞ፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ማንም ይደውልላችሁ፣ አትፈርሙለት።