የሒሳብ ተማሪ ከማስተማር ሌላ ምን ይሠራል?

ሒሳብ ለማጥናት የወሰነ ወጣት ከዘመድም ከጓደኛም ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ «ተመርቀህ ከማስተማር ሌላ ምን ልትሠራ ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ከአሳቢነት የመነጨ ቢሆንም ሁለት ስሕተቶችን አዝሏል። አንደኛው መምህርነትን አማራጭ ያጣ ሰው መሸሸጊያ አድርጎ መቁጠሩ ነው። ሁለተኛው፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ የማተኩርበት፣ ሙያን በስሙ ብቻ መፈለጉ ነው። ሕክምና ያጠና ሐኪም፣ ሕግ ያጠና ጠበቃ ወይም ዳኛ ይባላል፤ «የሒሳብ ሊቅ ይፈለጋል» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ግን እምብዛም አይወጣም። ሥራው የሚገኘው አክቹዋሪ (ለመድን ድርጅት ስጋትን አስልቶ ክፍያ የሚተምን ባለሙያ)፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ የዳታ ሳይንቲስት፣ የብድር ስጋት ተንታኝ ወይም የምስጠራ ባለሙያ በሚሉ ስሞች ሥር ነው።

የአክቹዋሪን ሥራ ቀረብ ብለን እንየው። 1,000 ቤቶች የእሳት መድን ገብተዋል፤ እያንዳንዱ ቤት በዓመቱ ውስጥ የመቃጠል ዕድሉ ከ100 አንድ ነው እንበል። በአማካይ 10 ቤቶች ይቃጠላሉ ብሎ ማስላት ለማንም አይከብድም። ነገር ግን ዓረቦኑን (ደንበኞች የሚከፍሉትን የመድን ክፍያ) ለ10 ቤት ካሳ ብቻ በሚበቃ መጠን የተመነ ድርጅት ለኪሳራ ይጋለጣል፤ ምክንያቱም ቃጠሎዎቹ እርስ በርስ የማይገናኙ ቢሆኑ እንኳ 16 እና ከዚያ በላይ ቤቶች የሚቃጠሉበት ዓመት በ20 ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ይገጥማል። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ከሆኑ ደግሞ አንዱ ሲነድ ጎረቤቱም ስለሚነድ ስሌቱ ከመሠረቱ ይናዳል። ቀመሩን ኮምፒዩተር ያሰላዋል። «ለመሆኑ ቃጠሎዎቹ አይገናኙም ያለው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ግን ዓመታትን የሒሳብ ማረጋገጫ በመጻፍ ያሳለፈ፣ እያንዳንዱ መደምደሚያ በየትኛው ቅድመ ግምት ላይ እንደቆመ መመርመር የለመደ ሰው ነው። የሒሳብ ምሩቅ ለቀጣሪው ይዞ የሚመጣው ትልቁ ሀብት ይህ ልማድ ይመስለኛል።

«ይህ ሁሉ ንድፈ ሐሳብ ምን ይረባል?» ለሚሉም የዮሐን ራዶንን ሥራ አስታውሳለሁ። ኦስትሪያዊው የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1917 አንድን ነገር ከየአቅጣጫው በሚያቋርጡት መስመሮች ላይ ከተገኙ ድምሮች ተነሥቶ መልሶ መገንባት እንደሚቻል አሳየ። የኤክስሬይ ጨረሮችን ከየአቅጣጫው የሚያሳልፈው የሲቲ ስካን መሣሪያ የአካልን ውስጥ የሚያሳየው በዚሁ ሐሳብ ነው። የፊዚክስ ሊቁ አለን ኮርማክ የራዶንን ሥራ ሳያውቅ ችግሩን እንደገና ፈትቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1964 አሳተመ፤ በ1979ም ከጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ጋር በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ተጋራ። ዛሬ በሕክምና ምስል ዘርፍ የሚሠሩ የሒሳብ ባለሙያዎች እንጀራ የሚበሉት አንድ ጊዜ ጥቅም የለሽ መስሎ ይታይ በነበረ ትምህርት ነው።

ይህን ስል ግን ዲግሪው ብቻውን በር ይከፍታል ማለቴ አይደለም። ቲዎረም (በማረጋገጫ የጸና የሒሳብ መደምደሚያ) በቃሉ እየተወጣ ተመርቆ፣ ግማሹ ባዶ የሆነና በስሕተት የተሞላ የዳታ ሠንጠረዥ ሲሰጠው ከየት እንደሚጀምር ግራ የሚጋባ ምሩቅ አለ። ጥፋቱን በተማሪው ላይ ብቻ ማላከክ ተገቢ አይመስለኝም፤ የሒሳብ ትምህርት ክፍሎች ለአናሊሲስና ለአልጀብራ የሚሰጡትን ክብር ሳይቀንሱ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ኮርስ እውነተኛ ዳታ ላይ እንዲሠራ ማድረግ ይኖርባቸዋል። ኮምፒዩተር ከዳታ እንዲማር የሚያደርገው ማሽን ለርኒንግ ራሱ ከሊኒየር አልጀብራ፣ ከካልኩለስና ከፕሮባቢሊቲ የተገነባ በመሆኑ የሒሳብ ተማሪው መሠረቱን አስቀድሞ ይዟል፤ የሚጎድለው ያንን ወደ ኮድ የመለወጥ ልምምድ ነው።

ስለዚህ ተማሪው ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ አንድ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በሚገባ ይልመድ፤ ስታቲስቲክስን እንደ ትርፍ ኮርስ አይመልከት፤ ከሥነ ሕይወት፣ ከምጣኔ ሀብት ወይም ከምህንድስና አንዱን መርጦ የዘርፉን ሰዎች ቋንቋ ይማር። ወደ መድን ሙያ ያዘነበለም ምረቃውን መጠበቅ የለበትም፤ በታወቁ የአክቹዋሪ ማኅበራት ዘንድ የመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች በፕሮባቢሊቲና በወለድ ስሌት ላይ ስለሚያተኩሩ፣ ኮርሶቹን እንደጨረሰ ትምህርቱ ገና ትኩስ ሳለ ሊፈተናቸው ይችላል።