ደኑን ከዝምታ ለገላገላችሁልን ሁሉ

ምስጋና ማደር የለበትም። ባለፈው እሁድ መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ስፒከር ተሸክማችሁ ለወጣችሁ ወገኖች ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልን። ያን ሁሉ ዳገት፣ ያን ሁሉ ጭቃ፣ ያን የሚያህል ዕቃ በትከሻ! እናንተ ባትደርሱለት ደኑ በዝምታ ሊያልቅ ነበር።

የማወራውን መቼም ታውቁታላችሁ። ክረምት ነው። ሳምንቱን ሙሉ የታክሲ ረዳት ጮሆባችኋል፣ የሰፈሩ ሙዚቃ ቤት ደልቆባችኋል፣ የጎረቤት ጄኔሬተር መስኮታችሁን ሲያንቀጠቅጠው ሰንብቷል። "እስቲ አንድ ቀን እንኳ ጆሮዬ ይረፍ" ብላችሁ እሁድ በማለዳ ትነሳላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ትወጣላችሁ። ኮረኮንቹ ወገባችሁን ይፈትሻል። የመግቢያ ትከፍላላችሁ። ከዚያ ጥዱ ሥር ትገባላችሁ። ጉም አለ። የረጠበ ቅጠል ይሸታል። አንድ ወፍ ይጮሃል። ሌላው ይመልስለታል። ሦስተኛው አፉን ሊከፍት ሲል ከኋላችሁ፦ ዱም! ዱም! ዱም!

ደረሱልን።

ባለ ስፒከሩን ክፉ ሰው የሚያደርጉት አሉ። ተሳስተዋል። ሰውየው ቸር ነው። ጆሮ ውስጥ የሚሰካ ማዳመጫ በየሱቁ ሞልቷል፤ ግን የስስታም ዕቃ ነው። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" ሲባል ያደገ ሰው እንዴት ብሎ ለብቻው ይሰማል? ስለዚህ ለእኔም፣ ለእናንተም፣ ከላይ ቅርንጫፍ ላይ ለተቀመጠው ጉሬዛም ያካፍላል። ምን ዓይነት ዘፈን እንደምንወድ አይጠይቅም። ደግሞ ልክ ነው። እንግዳን "ምን ላቅርብልህ?" ብሎ መጠየቅ ራሱ ንፉግነት ነው። ዝም ብሎ ማቅረብ ነው። እምቢ ሲል ማጉረስ ነው።

ደኑ እኮ ስንት ዘመን ያለ ሙዚቃ ኖሯል! በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው ይህ ደን ባለበት ወጨጫ ተራራ ላይ አስተከሉ ይባላል። ስለ ዘሩ አሰቡ። ስለ ተራራው አሰቡ። ስለ ስፒከሩ ግን አንድም ያሰበ አማካሪ አልነበራቸውም። አፄ ምኒልክም ቢሆኑ ዕድሉን አሳልፈዋል። አዲስ አበባ ማገዶ ሲያልቅባት ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ባሕር ዛፉ ቶሎ ደረሰና ሐሳቡ ቀረ። ተዛውረው ቢሆን ኖሮ መንገዱ አጥሮ ይህ ምስኪን ሰው ስፒከሩን ተሸክሞ ይህን ያህል ባልደከመ።

ጉሬዛውን ካነሳሁ አይቀር ስለ እሱም ልናገር። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው። ከቅጠል የሚገኘው ጉልበት ጥቂት ስለሆነ አብዛኛውን ቀን ተቀምጦ ምግቡን ሲፈጭ ይውላል። ሆዱ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው፤ የተሠራው ለቅጠል ነው። ይህን የማያውቁ ርኅሩኅ ጎብኚዎች ታዲያ ክሬም ያለው ብስኩት ይወረውሩለታል። "በላ! በላ! ቅረጸው!" ለሆዱ ብስኩት፣ ለጆሮው ዱምዱም። የተሟላ መስተንግዶ ነው። ጎህ ሲቀድ ወንዱ ጉሬዛ ራሱ ሸለቆ ተሻግሮ የሚሰማ ድምፅ ያወጣል። "ይህ ቦታ የእኔ ነው" ማለቱ ነው። ባለ ስፒከሩም የሚለው ያንኑ ነው። ልዩነታቸው ጉሬዛው ይጨርሳል።

ግን ምስጋናዬ ለግለሰቦች ብቻ ከሆነ ግፍ ይሆናል። በተናጠል የሚረብሽ ሰው የቱንም ያህል ቢተጋ አቅሙ ውስን ነው። የተደራጀ ኃይል ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ቲም ቢልዲንግ የተፈጠረው።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠቅስም። የእናንተም መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። በሁለት ኮስተር መጡ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቢጫ ቲሸርት ለብሰዋል፤ ቲሸርቱ ጃኬት ላይ ስለተደረበ ሒሳብ ክፍሉ በሙሉ ያበጠ ይመስላል። መጀመሪያ የወረደው ባነር ነው። ሁለት ጎረምሶች ጥሩ ጥድ መረጡ። ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ የስንት ሰው ዕድሜ ያየ። ሚስማር መቱበት። ባነሩ ተዘረጋ። ምን ይላል? "ተፈጥሮን እናድምጥ!"

ቀጥሎ ጄኔሬተር ወረደ።

አዎ፣ ጄኔሬተር። ተፈጥሮን ለማድመጥ መብራት ያስፈልጋል። ሹፌሩና ረዳቱ በጭቃ እየተንሸራተቱ ተሸክመው መስኩ መሃል አቆሙት። ሲነሳ ሙዚቃው አልሰማ አለ። ሙዚቃው ጨመረ። ሙዚቃው ሲጨምር ሰው ለሰው አልሰማ አለ። ሰዉም ጨመረ። በዚህ ሁሉ መሃል አነቃቂው ብቅ አለ። አነቃቂ የሌለበት ቲም ቢልዲንግ የለም። ነጭ ስኒከር አድርጓል፣ ሜጋፎን ይዟል፣ ጠዋት ማንም ያላነቃው የሚመስል ሰው ነው።

"እንዴት አደራችሁ!" አለ በሜጋፎኑ።

"እግዚአብሔር ይመስገን!" አሉ።

"አልሰማሁም!"

እንዴት ይሰማል? ሜጋፎኑ አፉ ላይ ነው፣ ጄኔሬተሩ ጀርባው ላይ ነው። እንደገና ጮሁ። አሁንም አልሰማም። "ኢነርጂው የታለ?" አለ። ቁጥቋጦ ውስጥ የተደበቀ ድኩላ ሰምቷል። ሰበታ ቅዳሴ የቆመ ሰው ሰምቷል። እሱ ብቻ አልሰማም። በሦስተኛው ጩኸት ሰምቻለሁ አለና ሁሉም እፎይ ሲል "አሁን ደግሞ በእግራችን!" አለ። መሬቱን መደብደብ ጀመሩ።

ከዚያ የሥራ አስኪያጁ ንግግር መጣ። "ተፈጥሮ እናታችን ናት" ብለው ጀመሩ። እናቲቱን ትተው ወደ በጀት ዓመቱ ዕቅድ አፈጻጸም ገቡ። ከአፈጻጸሙ ወደ ተግዳሮቶች፣ ከተግዳሮቶች ወደ ቀጣይ አቅጣጫዎች። አቅጣጫ ሲሉ በእጃቸው ወደ ሸለቆው ስለጠቆሙ የተወሰነ ሠራተኛ ወደዚያ ዞረ። ጆንያ ዝላይ ተካሄደ። ገመድ ጉተታ ተካሄደ፤ ጭቃው አሸነፈ። አንዷ በአጭር ሱሪ ኳስ ልታመጣ ቁጥቋጦ ገብታ ሳማ ለበለባት። (ደመወዝ ሳይጠይቅ ደኑን የሚጠብቅልን ሳማ ብቻ ነው።)

ዋናው ግን መርሐ ግብሩ ላይ "ተፈጥሮን የማድመጥ አምስት ደቂቃ" ተብሎ የተያዘው ነው። ቆሜ ጠበቅሁ። አሁን ጄኔሬተሩን ያጠፋሉ ብዬ። አነቃቂው "ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በረዥሙ ተንፍሱ" አለ። ሁሉም ጨፈኑ። ስልኩን አወጣ። ስፒከሩ ላይ ሰካው። ከኢንተርኔት ያወረደው... አይ፣ አላወረደውም፣ እዚያው እየከፈተ ነው፤ የወፍ ድምፅ ለቀቀላቸው።

የወፍ ድምፅ። ደን ውስጥ። በጄኔሬተር።

የውጭ አገር ወፍ ነው ደግሞ። ከበላያቸው ያሉት ወፎች በኀፍረት ይሁን በፍርሃት ጭጭ ብለዋል። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ገባ። ማንም ዓይኑን አልገለጠም። ይህን ዓይነት ዲሲፕሊን ቢሮ ውስጥ ብናይ ኖሮ አገር በተለወጠ። ማስታወቂያው ሲያልቅ ወፉ ቀጠለ፤ አንዲት እናት የሚመስሉ ሠራተኛ እንባቸውን ጠረጉ። በመጨረሻ "የተፈጥሮ ወዳጅ" የሚል ሰርተፍኬት ለሁሉም ታደለ። ፋይናንስ ክፍሉ ለኪራዩ ደረሰኝ ይሰጠን ሲል ዝናቡ ወረደ። ቢጫው ሁሉ ወደ ኮስተሩ ሮጠ። ጄኔሬተሩ እንዳይበላሽ ባነሩ ከነሚስማሩ ተነቅሎ ተሸፈነበት። "ተፈጥሮን እናድምጥ" ከሥሩ ድድድድድ እያለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ይህኛው ግን ሽሙጥ አይደለም።

ከዝናቡ በፊት ነው። ጭራሮ የተሸከሙ ሴትዮ በመንገዱ ወረዱ። ዕድሜያቸው የገፋ ነው። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል፤ መሬት መሬት እያዩ ነው የሚሄዱት። አነቃቂው አያቸውና ከኋላቸው ጠጋ ብሎ በሜጋፎን "እማማ! ኢነርጂ!" አለባቸው። ሴትዮዋ ደንግጠው ተንበረከኩ። ሸክሙ ተፈታ። ሰዉ ሳቀ። አጨበጨበም። ስልክ አውጥቶ የቀረጸም ነበር። አንድ ሰው እንኳ ጎንበስ ብሎ አንድ እንጨት አላነሳም። ሹፌሩ ነው ሮጦ መጥቶ ያሰረላቸው፤ እሱም ቲሸርት አልተሰጠውም።

ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ይህ? እኒያ ሴት ደን የመጡት ለመዝናናት አይደለም። ማታ የሚነድ እሳት ፍለጋ ነው። ቤታቸው ደጃፍ መጥተን፣ መንገዳቸው ላይ ቆመን፣ ጆሯቸው ሥር ጮኸን፣ ስንቅ ሳንካፈል ሳቃችንን ትተንላቸው እንሄዳለን። ዛፉም ሰውም ድኩላውም ለእኛ መድረክ ማስጌጫ ነው ማለት ነው? ጩኸት ቀላል ነገር ይመስላል፤ አጥር አያፈርስም፣ ቅርንጫፍ አይሰብርም። ግን ሌላውን ሁሉ የሌለ ያህል ያደርገዋል። የሚጮኸው ሰው የሚፈልገውም እሱን ነው። የምኒልክ ድኩላ ከአገራችን ደጋ ሌላ የትም የለም። ዓይን አፋር ነው፤ ሲደነግጥ እየጮኸ ወደ ጥሻው ይገባል። እሱ ሮጦ የሚገባበት ጥሻ አለው። ሴትዮዋ የት ይግቡ?

ይብቃኝ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ባዶ የውሃ ፕላስቲካቸውን ጅረት ዳር ትተው ለሚሄዱትም ሳላመሰግን ብቀር ቅር ይለኛል። እነዚህ የአገር ውስጥ ቱሪዝም አባቶች ናቸው። ወጨጫ ላይ የወረደ ጎርፍ መንገዱ ወደ አዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ እንደ ዓባይ ድንበር ተሻግሮ የያዘውን ለጎረቤት አያስረክብም። ቆቃን ያያል፣ አፋርን ያቋርጣል፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ያልቃል። ባለቤቱ ሱባ ድረስ ለመምጣት ጠዋት ሙሉ ያማረረው ፕላስቲክ አገር ለአገር ይዞራል ማለት ነው። ያውም በነጻ።

በስልክ እየተጨቃጨቁ ለሚወጡትም ምስጋና ይድረስ። የአንዲት ሠርግ የሥጋ ወጪ ማን መሸፈን እንዳለበት ከእነ ዝርዝሩ ተምሬአለሁ። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ያለበት ከፍታ ላይ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሰውየው "ሄሎ" እያለ ዘጠኝ ጊዜ ተራራውን ጠራው። የሥጋው ጉዳይ ምን ላይ እንደደረሰ ግን ሳልሰማ ቀረሁ፤ አሁንም ይቆጨኛል።

አንድ አደጋ ግን አለ፤ ኃላፊነት የሚሰማው ዜጋ ሁሉ ሊያስብበት ይገባል። የስፒከር ባትሪ ያልቃል። ዝናቡ አባርቶ ስንወርድ ይኸው ደረሰ። ከፊታችን የሚሄዱ ወጣቶች ነበሩ፤ ዘፈኑ መሃል ላይ እልም አለ። ቆሙ። እርስ በርስ ተያዩ። ከላይ ከጥዱ ውስጥ ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ መጣ።

"ምንድነው እሱ?" አለ አንዱ።

"እዚህም ግንባታ አለ እንዴ?" አለ ሁለተኛው።

ግንደ ቆርቁር ነው ልላቸው አፌን ስከፍት፣ አንዲት ልጅ ቦርሳዋን በረበረችና ፓወር ባንክ አወጣች። ተጨበጨበላት። አስተዋይ ልጅ ናት፤ ገመዱንም አልረሳችም።