አትንኩት የሚለን ብዙ፣ ጣሪያውን የሚያስጠግን የለም

ዛሬ ውስጤ የቆየውን ላወጣው ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

አንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ የማኅበረሰብ ቴአትር ቤት ከሚያንቀሳቅሱት ሰዎች አንዷ ነኝ። ለትርፍ አይደለም የምንሠራው። ተዋናዮቻችን ቀን ቀን ሌላ ሥራ አላቸው። መምህር አለ፣ ነርስ አለች፣ ጡረታ የወጣ መካኒክ አለ። ማታ ማታ ተሰብስበው ይለማመዳሉ። ሕንፃው ደግሞ በቅርስነት የተመዘገበ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ይፈካል። «እንዴት ታድላችኋል!» ይለናል። እውነት ነው፣ ታድለናል። ግን ከዚህ ሕንፃ ጋር አብሮ የሚመጣውን ጣጣ የሚያይልን የለም።

ብሶቴ አጭር ነው። ሕንፃውን አትንኩ ለማለት ሲሆን ባለቤቱ ብዙ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ግን ባለቤቱ እኛ ብቻ ነን።

የበሩን ነገር ልንገራችሁ። ዋናው በራችን ባለ ሁለት ተከፋች ከባድ የእንጨት በር ነው። በእጅ የተቀረጸ ነው፣ የሚከፈተውም ወደ ውስጥ ነው። የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪው መጥቶ አየውና «ወደ ውጭ መከፈት አለበት፣ ሲገፉት ወዲያው የሚለቅ መቆለፊያም ይግባለት» አለን። ትእዛዙን በጽሑፍ ሰጠን። ይዘነው ወደ ቅርስ ጥበቃ ሄድን። እዚያ ደግሞ «በሩ ከነማጠፊያው ቅርስ ነው፣ አንድ ምስማር እንዳይነካው» ተባልን። ይህም በጽሑፍ ነው። ሁለቱም ደብዳቤ ላይ ማኅተም አለ። አንዱን ብንታዘዝ በሌላው እንጠየቃለን። ሁለቱን መሥሪያ ቤቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጡ ብንለምን፣ ሁለቱም «ጉዳዩ የእኛ አይደለም፣ እነሱን አነጋግሩ» ይሉናል።

የእሳት አደጋውን ሰው አልቀየመውም። ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1903 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ቺካጎ ውስጥ ኢሮኮይ የሚባል ቴአትር ቤት ትዕይንት እየታየ ተቃጠለ። ከተከፈተ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ሲከፈት እሳት አይበግረውም ተብሎ ተለፍፎለት ነበር። ከ600 በላይ ሰው አለቀ። መውጫ በሮቹ አንዳንዶቹ ተቆልፈዋል፣ አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ሰው እንዴት እንደሚከፍተው የማያውቀው መወርወሪያ ነበረ። በመድረኩና በተመልካቹ መሃል የሚወርደው እሳት መከላከያ መጋረጃ መንገድ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። ዛሬ በየአዳራሹ የምናየው፣ በደረት ቢገፉት እንኳ የሚከፈተው ባለ ዘንግ በር የተስፋፋው ከዚያ እልቂት በኋላ ነው። እኔ አዳራሽ ሞልቶ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የማየው መድረኩን አይደለም፣ በሩን ነው። ስለዚህ በሩ ይስተካከል ማለት ቅርስን መናቅ አይደለም። እኛም እኮ በሩን እንወደዋለን። በየወሩ በዘይት የምንወለውለው እኛ ነን።

ከበሩ የባሰ ደግሞ ደረጃው አለ። መግቢያችን ላይ የድንጋይ ደረጃ አለ፣ ሌላ መግቢያ የለም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጡ አንዲት ቋሚ ተመልካች አሉን። በየትዕይንቱ ከነወንበራቸው አራት ሰው ተሸክሞ ያወጣቸዋል። በዕድሜም በዕውቀትም ከብዙዎቻችን የሚበልጡ ሴት ናቸው። ወንበሩ ሲነሣ በሁለት እጃቸው ግራና ቀኙን ጭምቅ አድርገው ይይዛሉ። ሰው ሲተላለፍ ዓይናቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ። ይህን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል። የጠየቅነው የእንጨት መወጣጫ ነው። ድንጋዩ ላይ ምስማር አይመታም፣ ሲፈለግ ተነሥቶ ይቀመጣል። መልሱ «የፊት ለፊቱን ገጽታ ያበላሻል» የሚል ነው። የማን ገጽታ ነው የሚበላሸው? ትኬት ገዝተው የመጡ ሰው እንደ ዕቃ ተጭነው ሲገቡስ ምን ሊባል ነው?

ጣሪያው ላይ ልምጣ። ውሃ በገባበት አይወርድም። አንዲት የተሰነጠቀች የክዳን ሸክላ በቂዋ ነች። ውሃው በእሷ ይገባና ክዳኑን የተሸከመውን እንጨት፣ ወራጁን፣ ተከትሎ ይሄዳል፣ ከዚያ ማንም ባልጠበቀው ቦታ ኮርኒሱን ያረጥበዋል። መጀመሪያ ቢጫ ክብ ይታያል። ቀጥሎ ቀለሙ ይነፋል። ከዚያ በቁራጭ በቁራጭ ይወርዳል። እኛ ዘንድ የሚወርደው ከፊት ባሉት መቀመጫዎች ላይ ነው። የዝናብ ቀን ልምምድ ባልዲ ተደርድሮ ነው የሚካሄደው። ተዋናይዋ ዝም ማለት ባለባት ቦታ ላይ የባልዲው ጠብታ ይሰማል። ልጆቹ ለምደውት በጠብታው መሃል መናገር ችለዋል። መልመዳቸው ራሱ ነው የሚያናድደኝ።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር። ሸክላዋ በተሰነጠቀች ሰሞን አንድ ሠራተኛ በግማሽ ቀን ይቀይራት ነበር። ነገር ግን ጣሪያው ላይ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። ለፈቃዱ የባለሙያ ጥናት ያስፈልጋል። ለጥናቱ ገንዘብ ያስፈልጋል። የምትተካው ሸክላ ደግሞ ከድሮዋ ጋር በቀለምም በቅርጽም መመሳሰል አለባት። ይህን ሁሉ ስንጨርስ ወራጁ በስብሷል። ወራጅ መቀየር ደግሞ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ጥናት፣ ሌላ ዓመት።

ርካሽ ጥገና የሚባለውም ጉዱን አይተነዋል። ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች የታችኛውን ግድግዳ በሲሚንቶ ለስነውታል። ግድግዳው የድንጋይና የኖራ ነው። ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል፣ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት በእሱ በኩል ቀስ እያለ ይተናል። ሲሚንቶ ግን አፍኖ ይይዘዋል። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣና ሲሚንቶው ካለቀበት በላይ ያለውን ኖራ ይበላዋል። እዚያ ቦታ እጃችሁን ብታስደግፉ መዳፋችሁ ነጭ ዱቄት ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ግድግዳ ጀርባ የአልባሳት ክፍላችን ነው። በበጎ ፈቃድ ልብስ የምትሰፋልን እናት አለች። ወራት የለፋችበትን ካባ ከመስቀያው ስታወርደው ብብቱ ሥር ሻጋታ አገኘች። ምንም አላለችም። በብሩሽ ጠራረገችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ እንደገና ሰፋችው። ሲሚንቶውን አስነሥቶ በኖራ ማስለሰን ነው መፍትሔው። ለዚያ ደግሞ ኖራ የሚያውቅ ባለሙያ ይፈለጋል፣ ስስ ስስ እያደረገ የሚደርብ፣ እያንዳንዱ ድርብ እስኪደርቅ የሚጠብቅ። ባለሙያው ጥቂት ነው፣ ጊዜውም ረጅም ነው። እስከዚያ አዳራሹን እንዝጋ ብንል ገቢያችን ይቆማል።

ገንዘቡስ? ለጋሾች ዘንድ እንሄዳለን። ሰዎቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ በትሕትና ያዳምጡናል። ግን ቅጹ ላይ የተጻፈው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አዲስ ፕሮጀክት ይሁን፣ የሚለካ ውጤት ይኑረው፣ ቋሚ ወጪ አይሸፈንም። ቋሚ ወጪ ማለት መብራት ነው፣ ኢንሹራንስ ነው፣ የጥበቃው ደሞዝ ነው፣ የአሸንዳው ጥገና ነው። ሕንፃው ቆሞ የሚያድረው በነዚህ ነው! አዲስ የድምፅ መሣሪያ የሚገዛልን አግኝተናል፣ እናመሰግናለን። መሣሪያውን ከሚያፈሰው ጣሪያ አርቀን በላስቲክ ሸፍነን ነው የምናስቀምጠው። ጣሪያ የሚያስጠግን አላገኘንም፣ ምክንያቱም ጣሪያ ላይ ሪባን አይቆረጥም። የሚያግዙንም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ «ግማሹን መጀመሪያ እናንተ አምጡ» ይላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላ ነው የሚከፍሉት። ካዝናው ባዶ የሆነ ማኅበር በምኑ ነው ቀድሞ የሚያሠራው?

የኤሌክትሪኩ ሥራ ደግሞ እንቅልፍ ይነሣኛል። ሽቦዎቹ በተለያየ ዘመን በላይ በላዩ የተዘረጉ ናቸው። ኢንሹራንስ ድርጅቱ ሽቦው ይቀየር ይላል፣ ልክ ነው። ግን አሮጌ ቴአትር ቤት በጥገና ሰዓት ነው ይበልጥ የሚያስፈራው። የባርሴሎናው ኦፔራ ቤት ሊሴው በ1994 የተቃጠለው የብረት መጋረጃው ሲጠገን በተፈናጠረ ፍንጣሪ ነው። የቬኒሱ ኦፔራ ቤት ላ ፌኒቼ በ1996 ለእድሳት ተዘግቶ ሳለ ነደደ። እሳቱን የለኮሱት እዚያው ይሠሩ የነበሩ ሁለት የኤሌክትሪክ ሠራተኞች መሆናቸውን ፍርድ ቤት አረጋገጠ፣ ኩባንያቸው ሥራውን በማዘግየቱ ቅጣት ሊጣልበት ነበር። ሁለቱም እንደገና ተሠርተዋል፣ አንዱ በ1999፣ ሌላው በ2003 ተከፍተዋል። እነሱ ዓለም የሚያውቃቸው ኦፔራ ቤቶች ናቸው። የኛ ቢነድ ማን ነው መልሶ የሚያቆመው? ለዚህ ነው «በርካሽ የሚሠራ ሰው ፈልጉ» ስንባል ደሜ የሚፈላው። ርካሽ ሠራተኛ አሮጌ እንጨት መሃል ብየዳ ይዞ እንዲገባ አልፈቅድም።

«ታዲያ ለምን አዲስ አዳራሽ አትከራዩም? ሕንፃው ሙዚየም ይሁን» የሚሉን አሉ። ይሄን የሚሉት ቅን ሰዎች ናቸው፣ ግን ተሳስተዋል። በዓለም ላይ የቅርስ ጠባቂዎች መመሪያ የሆነው የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር ሁለት ነገር በግልጽ አስቀምጧል። ቅርስ ያለማቋረጥ ጥገና ያስፈልገዋል ይላል። ለማኅበረሰብ የሚጠቅም አገልግሎት ላይ ሲውል ደግሞ ጥበቃው ይቀላል ይላል፣ ገጽታውና አቀማመጡ እስካልተለወጠ ድረስ። ለእኛ ሁልጊዜ የሚነበብልን የመጨረሻው ሐረግ ብቻ ነው። ጥገናውና አገልግሎቱ የት ገቡ?

ስዊድን ውስጥ ድሮትኒንግሆልም የሚባል ከ1766 ጀምሮ የቆመ የቤተ መንግሥት ቴአትር አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ተረስቶ ኖሯል። በ1921 ሲከፈት የእንጨት ማሽኖቹ ሁሉ በቦታቸው ተገኙ። ዛሬም በገመድና በመዘውር ትዕይንት ይቀይራሉ። መስታወት ውስጥ አላስገቧቸውም፣ እየሠሩ ነው የሚጠበቁት። ለንደን ላይ ደግሞ የሼክስፒር ቴአትር ቤት ግሎብ ዳግመኛ ተሠርቶ በ1997 ሲከፈት ክዳኑ ሳር ነው። ከ1666ቱ ታላቅ ቃጠሎ ወዲህ በዚያች ከተማ የሳር ክዳን ሲፈቀድ የመጀመሪያው ነበር። ያውም የቀድሞው ግሎብ በ1613 ያለቀው የመድፍ ፍንጣሪ ሳር ክዳኑ ላይ አርፎ ነው። እንዴት ተፈቀደ? ተቀምጠው ተነጋገሩ፣ ክዳኑ ላይ ውሃ የሚረጭ መስመር ተዘረጋ፣ ተስማሙ። እኛ የምንለምነው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። አንድ በርና አንድ መወጣጫ።

ተመልካቹንም ላንሳ። «ለትርፍ ካልሆነ ለምን ታስከፍላላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ በር ላይ ቆሜ ስንቴ እንደመለስኩት። ትርፍ አንከፋፈልም እንጂ ወጪስ አለብን። ትኬቱ የመብራቱን ሒሳብ እንኳን በቅጡ አይሸፍንም። ደግሞ ለሠርግ ፎቶ ብቻ የሚመጣ አለ። ሙሽሮች ደረጃው ላይ ይነሣሉ፣ በሩ ላይ ይነሣሉ፣ ያምርባቸዋል፣ ደስ ይለኛል። ግን ከዚያ ሁሉ ሰው ገብቶ አንድ ትዕይንት ያየው በጣም ጥቂት ነው። ሕንፃው ይፈርሳል የሚል ወሬ የተነሣ ጊዜ ግን ከተማው ሁሉ ጮኸ። ያ ጩኸት የእውነት ነበር፣ ልቤን ነክቶታል። ከጮኸው ሰው ጥቂቱ እንኳ በዓመት አንድ ትኬት ቢገዛ ባልዲዎቹን ማጠፍ እንጀምር ነበር።

በጎ ፈቃደኞቻችንስ? ስንጀምር የነበሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው ዛሬም ያሉት። የሚሸጡት እነሱ፣ የሚጠርጉት እነሱ፣ ሪፖርት የሚጽፉት እነሱ። ትወና የሚፈልግ ወጣት ሞልቷል፣ ይምጣ፣ በራችን ክፍት ነው። መጥረጊያ የሚይዝ ግን ይጠፋል። ባለፈው አንዷ «ደክሞኛል» ብላ ስትተወን ልወቅሳት አልቻልኩም። ሌሊት ድረስ ፕሮፖዛል ስትጽፍ ከርማ ጠዋት ሥራዋ ላይ የምትቆም ሰው ናት።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። የእሳት አደጋውም የቅርስ ጥበቃውም መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ አዳራሻችን ድረስ ይምጡልን። ደብዳቤ አንፈልግም። በሩ ፊት አብረው ቆመው አንድ ውሳኔ ይስጡን። በሩ ቅርስ ከሆነ ትዕይንት ባለበት ሰዓት ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ግድግዳው ጋ በመንጠቆ ተይዞ ይዋል፣ ከውስጥ በኩል ሌላ በር ይገጠም። ይህን ሐሳብ ራሳችን ሥዕል አሠርተን አቅርበናል። መወጣጫውንም እንዲሁ። ለጋሾች ደግሞ ከምትሰጡን ላይ ጥቂቷን ብቻ ለጥገና ፍቀዱልን። ሪፖርቱን እንጽፋለን፣ ደረሰኙን እናያይዛለን፣ የተቀየረችውን ሸክላ ፎቶ አንሥተን እንልካለን።

ሰፈር ውስጥ ያላችሁ ደግሞ፣ አሸንዳው በቅጠል ተደፍኗል። ዝናቡ ሳይገባ መጠረግ አለበት፣ ለዚህ ደግሞ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ጠይቀን አረጋግጠናል። ቅዳሜ ጠዋት እንጀምራለን። ሁለት መሰላል አለን። ጓንትና ማዳበሪያ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ከፍታ የማይደፍር ከታች ሆኖ መሰላል ይይዛል።